አጎቴ ሰባት ጊዜ የሚታጠቡት እጅ

አላህ ይዘንላቸውና አጎቴ በየጠዋቱ መርካቶ ያለውን የቡና መጋዘን ከመክፈታቸው በፊት የማይዘሉት ሥራ ነበራቸው። መገጣጠሚያው የታመመውን አሮጌ ጠባቂ ውሻ የኋላ እግሮች በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ያሻሉ። ከዚያ እንደ ሃይማኖታችን ደንብ ውሻ የነካውን እጃቸውን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባሉ።

«አጎቴ፣ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? ቡችላ ላምጣልዎ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«የኔም ጉልበት እኮ አልታጠፍ ብሏል። ሌላ አጎት ልታመጣ ነው?»

ሳቅኩ። ነጋዴ ነኝ፤ ያረጀ ዕቃ መተካት ነው የማውቀው።

ክረምቱ ገብቶ አልጋ ሲይዙ «ውሻውን አደራ» አሉኝ። እኔ ግን ምግብ ወርውሬለት አልፋለሁ። ልጠይቃቸው ስገባ «እግሩን አሸህለት?» ይላሉ። «አሽቼ፣ ታጥቤ መጣሁ» እላለሁ።

በመጨረሻው ቀንም ይህንኑ ስል እጄን ያዙኝ። የመጋዘኑ የቡና አቧራ እጄ ላይ እንዳለ ነበር። አቧራውን በጣታቸው ጠረግ አድርገው «ጀዛከላህ፣ አላህ ይክፈልህ ልጄ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አረፉ።

አሁን በየጠዋቱ እሳቸው ይቀመጡበት በነበረው በርጩማ ላይ ተቀምጬ አሻለሁ፤ ሰባት ጊዜም እታጠባለሁ። ውሻው እግሩን ይሰጠኛል፤ ዓይኑን ግን አጎቴ ይገቡበት ከነበረው በር ላይ አያነሳም።