የሴቲሚዮ አንድ እግር ጫማ

ሮማ ውስጥ፣ ቱስኮላና ሰፈር፣ ከአትክልት ገበያው ጀርባ አንድ ምድር ቤት ነበረ። ሴቲሚዮና ሚስቱ ኢዮሌ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያ ለፊልም ድምፅ ሲሠሩ ኖሩ። ተዋናዩ በር ሲከፍት ሲጢጥ የሚለው የሴቲሚዮ አሮጌ ወንበር ነው። ሲታነቅ የሚሰበረው አንገት ደግሞ ኢዮሌ በጠዋት የገዛችው ሴለሪ ነው፣ ሲሰብሩት ቀጭ የሚል አገዳ ያለው አትክልት።

«ዛሬስ ለሾርባ ነው ለአንገት?» ትላታለች አትክልት ሻጯ።

«መጀመሪያ ለአንገት፣ ኋላ ለሾርባ።»

እውነቷን ነው። የሟቹ አጥንት ለእራት ከባቄላ ጋር ይቀቀል ነበር፤ ያን የመሰለ ሾርባስ ዛሬ ከየት ይገኛል።

ሴቲሚዮ ከሥራው ሁሉ አብልጦ የሚወደው የአስፈሪ ፊልሞችን ማስተዋወቂያ ነበር፤ ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ሰው እንዲጓጓ ሲኒማ ቤት የሚያሳዩዋትን ቁራጭ። «ፊልሙ ሰው ለማስፈራት ሁለት ሰዓት አለው። ለእኔ የሰጡኝ ሁለት ደቂቃ» ይላል። ዘዴውም አንድ ነበር፤ ጆሮን መጀመሪያ ማጥገብ፣ ከዚያ ማስራብ። ነፋሱን፣ የግድግዳ ሰዓቱን፣ የቧንቧ ጠብታውን ደራርቦ ያሰማና አንድ በአንድ ይነጥቃል። በመጨረሻ አንዲት ድምፅ ብቻ ስትቀር፣ ሰው እሷን ሲጠብቅ ትንፋሹን ይውጣል።

የዚህ ሰው ጆሮ ነው እንግዲህ የከዳው። ኢዮሌ ያወቀችው በጎረቤት ካናሪ ነበር። ሴቲሚዮ ያቺን ወፍ ጠዋት ጠዋት ሳይራገም ቡናውን አይጠጣም። አንድ ፀደይ ላይ እርግማኑን ተወና «ወፏ ሞተች እንዴ?» አላት። ወፏ በረንዳው ላይ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ትዘፍናለች።

«አዎ፣ ምስኪን» አለች ኢዮሌ። ሌላ ምን ትበል።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይ እሱ በሚያያት በኩል ትቆማለች። ቅንድቧን ካነሳች ጠንከር፣ አገጯን ካወረደች ቀስ። አስተምራው አታውቅም፣ እሱም ጠይቋት አያውቅም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ካንታሉፒ የሚባለው የፊልም አሠሪ መጣ። ሰፈሩ ዶቶሬ፣ ዶክተር እንደ ማለት፣ ይለዋል፤ ምን እንደተማረ ግን የሚያውቅ የለም። ሲጋራውን ከአፉ ሳያወጣ ነው የሚያወራው።

«ሶር ሴቲሚዮ፣ አከብርዎታለሁ» አለ፤ ሶር የሮማዎች «አቶ» ናት። «ግን ሚላኖ ውስጥ በመሣሪያ ብቻ ድምፅ የሚሠራ ልጅ አግኝቻለሁ። ይቺ ማስተዋወቂያ ካላስፈራችኝ ከእንግዲህ ሥራውን ለእሱ ነው የምሰጠው።»

ሴቲሚዮ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ለሁሉም ነገር መነቅነቅ ከጀመረ ቆይቷል። ኢዮሌ ግን የካንታሉፒን ቃል ሁሉ ሰምታለች። ያ ምድር ቤት ከተዘጋ ባሏ ቤት ተቀምጦ ምን ይሆናል?

ካንታሉፒ ከመቅረጫ ክፍሉ መስታወት ጀርባ ድምፁን ከሚቀርጸው ሰው ጋር ተቀመጠ፣ መብራት ጠፋ፣ ምስሉ መጣ። ባዶ ደረጃ፤ ላይ በሩን ዘግታ የተደበቀች ልጅ። ነፋሱ ሄደ፣ ሰዓቱ ሄደ፣ ጠብታው ሄደ። የቀረው የገዳዩ እርምጃ ነው። ሴቲሚዮ ዓይኑን ከምስሉ ሳይነቅል ለእርምጃ ድምፅ የተነጠፈው እብነ በረድ ላይ መርገጥ ጀመረ።

ዷ። ከዚያ ዝም። ዷ። ከዚያ ዝም።

ኢዮሌ ወደ እግሩ አየች። ቀኙ ላይ የገዳዩ ትልቅ ቦት ጫማ፣ ግራው ላይ የቤት ነጠላ ጫማው። ካንታሉፒ ሲያጣድፈው አንዱን ረስቶታል፤ ጆሮ ያለው ሰው በሁለተኛው እርምጃ ያውቅ ነበር።

አለቀልን፣ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። መብራቱ ሲበራ የካንታሉፒ ሲጋራ ተረስቶ እስከ ጣቱ ነዶ ነበር።

«አንካሳ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ደረሰ ስል ይቆማል፣ ቆመ ስል ይደርሳል። ጀርባዬ ቀዘቀዘ እኮ። አሁን እንደዚሁ ይድገሙልኝ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ብቻ ዘግየት ይበል።»

ሴቲሚዮ ነቀነቀ። ወዲያው ወደ እግሩ አየና ፊቱ ቀላ። ጎንበስ ብሎ ሁለተኛውን ቦት ጫማ አነሳ፤ ስህተቱን ሊያርም። እሷ ቀስ ብላ ብትናገር ሴቲሚዮ አይሰማም፣ ጮክ ብትል ካንታሉፒ ይሰማል። ዝም ብትል ሁለቱን አድርጎ እንደ ማንም ሰው ይራመዳል።

ኢዮሌ አንድ ጫማዋን አወለቀች። ባዶ እግሯን ብርዱ ሲሚንቶ ላይ አሳርፋ፣ በአንድ ጫማ ቆማ አየችው። ሴቲሚዮ እግሯን አየ፣ የገዛ እግሩን አየ፣ ቦት ጫማውን ወደ ቦታው መለሰ።

ገዳዩ በሩ ጋ ሲደርስ አገጯን አወረደች፤ ሴቲሚዮ ዘገየ። ከመስታወቱ ኋላ የነበሩት ሁለት ሰዎች እስኪያልቅ አልተነፈሱም። ካንታሉፒ ሲወጣ ስለ ሚላኖው ልጅ አላነሳም፤ በመስከረም ሌላ ፊልም እንዳለው ብቻ ነገራቸው።

ለምሳ ወደ ቤት ሲሄዱ የጫማውን ከረጢት አንድ አንድ ጆሮ ይዘው ነበር።

«ከነገ ጀምሮ ጫማውን አንቺ አድርጊ» አላት። «ጋዜጣ ብትጠቀጥቂበት ይሆንሻል። እኔ ምስሉን እያየሁ በእጄ እመራሻለሁ።»

«ምነው?»

«ያቺን ወፍ ትናንት አፏን ከፍታ አየኋት። ለሟች ብዙ ታወራለች።»

ኢዮሌ ሳቋ መጣ፣ ዕንባዋም። «አሁንም እየዘፈነች ነው» አለችው፣ ከንፈሯን እንዲያይ ወደ እሱ ዞራ።

«ትዝፈን» አለ ሴቲሚዮ። «እኔና ወፏ አሁን ነው የተስማማነው።»