«አንቺ» ለማለት እስከ በረዶው ተራራ

እናቴን «አንቺ» ብያቸው አላውቅም። ይኸው ስጽፍ እንኳ «ብያት» ማለት አቅቶኝ «ብያቸው» አልኩ። የወለዱኝ ገና በልጅነታቸው ነው፤ እኔን ደሴ ለአያቴ ትተው አዲስ አበባ ሥራ ገቡ። አያቴ ቤት ደግሞ ታላቅ የሆነ ሁሉ «እትዬ» ነው፣ «ጋሼ» ነው። አልፎ አልፎ ብቅ የሚሉትን እናቴንም «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ በይ» ተባልኩ፤ አልኩ። በዚያው ቀረ። ታናሽ እህቴ ግን አዲስ አበባ ተወልዳ እቅፋቸው ውስጥ ነው ያደገችው። «እማ፣ ነይ! እማ፣ ስጪኝ!» ስትላቸው ስንት ጊዜ ሆዴ ቅጥል ብሏል፣ እግዜር ይይላት።

አሜሪካ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። የቪዛ ፕሮሰሱን የጀመርኩት እኔ፣ ኤርፖርት አበባ ይዤ የቆምኩት እኔ። መኖሪያቸው ግን እዚሁ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ፣ እህቴ አፓርትመንት ሆነ። «ያንቺ የሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ደረጃ ይበዛበታል» አሉኝ። የእህቴ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱም እንደፈለገው ነው የሚሠራው። ምን ልበል? ፍርድ ቤት ሄጄ እናት ትከፈልልኝ አልል!

አንድ ዓመት ለፈረንጅ ገና እኔ ከምሠራበት የአረጋውያን ቤት፣ እህቴም ከምትሠራበት ሆቴል የኦፍ ቀን ገጠመልን። እናቴ «ያንን በቴሌቪዥን የማየውን የተራራ በረዶ አሳዩኝ፤ አሌክሳንድሪያ ያለውማ ጭቃ ነው» ካሉ ቆይተዋል። እነዳለሁ አልኩ። ጋቢና ከጎኔ ይቀመጣሉ፣ እህቴ ከኋላ ትሆናለች፣ ቀኑን ሙሉ የኔ ናቸው። ደግሞም ቆርጫለሁ፤ ዛሬ «አንቺ» እላቸዋለሁ። ዛሬ ካላልኩ መቼም አልልም።

ጠዋት ላመጣቸው ስሄድ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ ብቻዬን ተለማመድኩ። «እማ፣ በረደሽ? እማ፣ ሂተሩን ልጨምርልሽ?» ድምፄ ለራሴ ደስ አለኝ። ጮክ ብዬም ደገምኩት። ቀላል ነው ለካ!

እናቴ ነጠላቸውን ከኮቱ በላይ ጣል አድርገው ጋቢና ገቡ። እህቴ ከኋላ ተዘረጋች። መንገድ ስንጀምር ጉሮሮዬን ጠራረግኩና፦

«እማ...»

ዞር ብለው አዩኝ። «እ? ምን አልሽ?»

«በ... በረደዎት?»

«ኧረ ደህና ነኝ» አሉ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው እህቴን «አንቺ፣ ኮትሽን ዝጊ እንጂ! ኋላ ጉንፋን ይዞሽ ልታስጨንቂኝ ነው?» አሏት። እሷ «እማ ደግሞ፣ ተይኝ እስቲ!» ስትል ሳቁላት። እኔ «ተይኝ» ብል ኖሮ ሽማግሌ ይላክብኝ ነበር።

ፍሬድሪክ የምትባለውን ከተማ ስናልፍ ሜዳው ነጭ ሆነ። ከዚያ ተራራው መጣ። ጥዱ በረዶውን ተሸክሞ ቅርንጫፉ ጎብጧል፣ የከብት ቤቱ ጣሪያ ወፍራም ጥጥ የተነጠፈበት መስሏል። እናቴ «ወይ ጉድ! ወይ የፈጣሪ ሥራ!» እያሉ አፋቸውን ያዙ። ግን የሚያሳዩት ለማን ነው? ለኋለኛዋ። አንገታቸው እስኪጠመዘዝ ዞረው «ያቺን ዛፍ አየሻት? እያት እንጂ!» ይሏታል። እኔም እኮ አይቻታለሁ! ለኔ የሚደርሰኝ «ቀስ በይ» ብቻ ነው። ሹፌር ተቀጠርኩ እንዴ፣ አልኩ በሆዴ።

ከኩምበርላንድ ከተማ ወዲያ፣ መኪና ማቆሚያ ያለው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወረድን። ነፋሱ ፊት ይቆርጣል። እናቴ ጎንበስ ብለው በረዶውን በጣታቸው እንደ ጨው ቀመሱት። ወዲያው እህቴ ከኋላ መጥታ አንድ እፍኝ አንገታቸው ውስጥ ከተተችባቸው። ጩኸታቸው ተራራውን ሞላው። «አንቺ ባለጌ! ቆይ፣ አገኝሻለሁ!» ብለው አባረሯት። እናቴ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም ነበር። ነጠላቸው ወድቆ፣ እንባቸው እስኪወርድ እየሳቁ ይሮጣሉ።

እኔም አንድ እፍኝ አነሳሁ። ቀስ ብዬ ከኋላቸው ቆምኩ። እጄ አልሄድ አለኝ። «እርስዎ» የሚባል ሰው አንገት ውስጥ በረዶ አይጨመርም። ዞር ሲሉ አዩኝና «ምነው ልጄ፣ እጅሽ ይቀዘቅዛል፤ ጣዪው» አሉኝ። ጣልኩት። ነጠላውን አንስቼ፣ አራግፌ አለበስኳቸው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ ዥንጉርጉርነቱስ ይሁን፣ ግን ሳቁ ሁሉ ለአንዷ፣ ምርቃቱ ለሌላዋ ይሆናል እንዴ? «ተባረኪ» አሉኝ። ምርቃቱን መልሼ ያንን «ባለጌ» ብወስድ ደስታዬ ነበር።

ስንመለስ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ገብታ ነበር። እህቴ ከኋላ ተኝታለች። እናቴ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ሰብስበው ያንቀላፋሉ። አሁን ነው፣ አሁን ብቻችንን ነን እያልኩ አፌን ስከፍት ስዘጋ ቁልቁለቱ መሃል ላይ ብላክ አይስ የሚሉት፣ አስፋልቱ ላይ የማይታይ በረዶ ያዘን። መሪው ባዶ ሆነብኝ። መኪናዋ ጎኗን ይዛ መንሸራተት ጀመረች።

«ያዢ!» ብዬ ጮህኩ። «ያዢ እንጂ!»

ሳላስበው ወጣ። ቀኝ እጄ ደግሞ ከመሪው ተላቆ ደረታቸው ላይ ነበር፣ ወደፊት እንዳይወድቁብኝ። እናቴ ግን ምንም አልያዙም። «ልጄን!» ብለው ወደ ኋላ ተጠምዝዘው፣ ሁለት እጃቸውን እህቴ ላይ ጣሉ። መኪናዋ ዞራ ዞራ መንገዱ ዳር የተቆለለው በረዶ ውስጥ ገብታ ቆመች።

ማንም አልተጎዳም። እናቴ አሁንም የእህቴን ጉልበት ይዘው «ደህና ነሽ? ምን ሆንሽ?» ይላሉ። ያኔ ፈነዳሁ።

«ሁልጊዜ እሷ! ሞት ሲመጣ እንኳ እሷ! እኔስ? እኔ ልጅዎ አይደለሁም?»

እናቴ ደንግጠው ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ትያለሽ? አንቺው አይደለሽ እንዴ ‹ያዢ› ብለሽ የጮኽሽው? እህትሽን ያልሽ መስሎኝ፣ አንድ ነገር ሆነች ብዬ ነዋ የዞርኩት!»

«እርስዎን እኮ ነው ያልኩት!»

«እኔን?»

«አዎ፣ እርስዎን!»

የእህቴን ጉልበት ለቀው፣ በቀስታ፦

«እኔን መሆኑን በምን ልወቅ? በስንት ዘመኔ አንቺ ብለሽኝ ታውቂያለሽ? እህትሽ አንቺ ባለችኝ ቁጥር ያቺኛዋስ መቼ ትለኝ ይሆን እያልኩ አረጀሁ። ራሷ ካላለች ደግሞ ተለምኖ አይባል።»

እናቴ ነጠላቸውን አስተካከሉና ዓይን ዓይኔን እያዩ «እስቲ ድገሚው» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ ጠዋት ብቻዬን «አንቺ» ማለትን ስንት ጊዜ ተለማምጃለሁ።

«ይያዙ» አልኩ።

እናቴ ትንሽ ጠበቁኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መንገዱ መልሰው፣ እጃቸውን አንስተው ከበሩ በላይ ያለችውን መያዣ ያዙ።