ከአዋሽ ሰመራ፦ ሁለተኛውን መስመር ያላየሁበት የበቆሎ ሪፖርት

ከንጋቱ 11፡30፣ አዋሽ

ፀሐይ ሳትነቃብን ወጣን። አዋሽ ላይ ረፈድ ካለ እንቁላል በመኪና ኮፈን ይጠበሳል፤ እኔ ዶሮዋም አብራ ስትጠበስ አይቻለሁ። ሾፌሬ ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ብስኩት። ቦርሳዬ ውስጥ ሪፖርቴ አለ፦ «አዲሱ የበቆሎ ዘር ከነባሩ ይበልጣል።» ከሰዓት በኋላ ሰመራ ላይ የመስኖ ገበሬዎች ማኅበር ይሰበሰባል። ካመነኝ ዘንድሮ ነባሩ ዘር አይታደልም።

ከጠዋቱ 3፡00፣ አዳይቱ

የከባድ መኪና ሰልፍ፣ የፍየል ሰልፍ፣ ፓስታ በስጎ። አዲሱን ዘር ከሞከሩልን አንዱ፣ አሊ፣ ጠበቀን። አፋር ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ያየኸውን፣ የሰማኸውን፣ ከማን እንደሰማህ ሳታስቀር ትናገራለህ። ተራዬ ደረሰ።

«አዲሱ ዘር በአማካይ ይበልጣል።»

«አማካይ የማን ማሳ ነው?»

«የማንም። የሁላችሁም።»

«ይሄ ምን ዳጉ ነው! በል በየማሳው ንገረኝ።»

ነገርኩት። ነባሩ ዘር በሃያ ማሳ ተዘርቶ ሁሉም ተቀራራቢ ሰጠ። አዲሱ በአምስት ብቻ ነው፤ ከቦዩ ራስ ያሉት ጎተራ ሞሉ፤ ውሃ የማይደርሰው የቦዩ ጭራ፣ የአሊ ማሳ፣ ለፍየል የማይበቃ አገዳ ሰጠ።

«ዘንድሮም ይህንኑ ከሰጣችሁኝ ልጆቼን አማካይ ላብላቸው?»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

5፡00፣ ወደ ሚሌ

ኮምፒውተሬን ጭኔ ላይ ከፈትኩ። የስሌት ፕሮግራሙ ሁለት መስመር ውጤት ይሰጣል። የመጀመሪያው የሁለቱ ዘሮች ምርት እኩል ይበታተናል ብሎ ያሰላል፤ ስለዚህ የሃያዎቹ መቀራረብ የአምስቱን መራራቅ ይውጠዋል። ሁለተኛው እያንዳንዱን በራሱ መበታተንና በራሱ ማሳ ብዛት ይመዝናል። ይህን ስንቱን ተማሪ እየጮኽኩ አስተምሬያለሁ! ራሴ ግን የመጀመሪያውን ቀድቼ ተኝቻለሁ። ሁለተኛውን አየሁ፦ በሪፖርቴ «አስተማማኝ» ያልኩት ልዩነት ተነነ።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ሰይዶ፣ አንተ ሁሌም በሰዓትህ ትደርሳለህ። ሌላው ሾፌር አንዴ ይበራል፣ አንዴ ገደል ይገባል። አምስት ጉዞውን ብቻ አይቼ ካንተ ይሻላል ብልህስ?»

«ወላሂ እኔ አብሬው አልሳፈርም! አዲሱ ዘር መጥፎ ነው እንዴ?»

«አላወቅንም።»

«እንደዚያው ይበሏቸዋ። አብሽሩ።»

8፡00፣ ሰመራ

ንፋሱ ከዳቦ መጋገሪያ የወጣ ይመስላል። የማኅበሩ ሰብሳቢ መነጽሯን ዝቅ አደረገች።

«ወረቀቱ ይበልጣል ይላል፤ አንተ አይታወቅም ትላለህ። የቱን እንያዝ?»

«ወረቀቱ ተሳስቷል።» ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩ። «ማለቴ፣ እኔ ተሳስቻለሁ።»

ተከራከሩ፤ ወሰኑ። ነባሩ ዘር ይታደላል፣ ለአሊም ይደርሰዋል። አዲሱ በብዙ ማሳ፣ ከቦዩ ራስም ከጭራም፣ እንደገና ይሞከራል።

ሰብሳቢዋ እስክሪብቶ ገፋችልኝ። «ስህተትህን ራስህ ጻፍበት።»

ጻፍኩ፤ ፈረምኩም። ላቤ ፊርማዬ ላይ ጠብ አለ። ደጎቹ ሰዎች ሁሉ በሙቀቱ አሳበቡልኝ።