የእናቴ ወር

የእናቴ ወር ጥር ነበር። አምቦ ውስጥ በየወሩ አሥራ ስድስት ቀን የሚሰበሰብ የሴቶች የኪዳነ ምሕረት ማኅበር አለ። አባላቱ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ከዚያ አይበልጡም፣ አያንሱም። እያንዳንዷ በዓመት አንዴ በወሯ ትደግሳለች። ቄሱ ዳቦና ጠላውን ይባርካሉ፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከዚያ በጨርቅ የተሸፈነው የጽዋው ማሰሮ በእልልታ ወደ ቀጣይዋ ተረኛ ቤት ይሸኛል። ወሩ ሴትዮዋ እስክትሞት የእሷ ነው። ስትሞት ለልጇ ያልፋል። እናቴም ጥርን ያገኘችው ከእናቷ ነው። የማኅበሩ መዝገብ ጀርባው የተላጠ ደብተር ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከተማችን በድሮ ስሟ ሀገረ ሕይወት ተብላ ተጽፋለች። በጥር አንጻር የአያቴ ስም አለ፤ እሱ ተሰርዞ ከሥሩ የእናቴ። ከሥሩ ያለው ባዶ መስመር የእኔ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቅ ነበር። ማንም አልነገረኝም። የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ በቃ።

እናቴ ያረፈችው በኮሮናው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። እኔ ያን ጊዜ ከአገር ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። የምኖረው በሰሜን አውሮፓ፣ በብርዱ ወራት ፀሐይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በምትጠልቅበት ትንሽ ከተማ ነው። በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የልብስ እጥበት ክፍል እሠራለሁ፤ በተረፈኝ ሰዓት እጽፋለሁ። የያዝኩት የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ወደ ሁሉም አገር ያስኬዳል፤ አንድ አገር ብቻ በስሙ ተጠቅሶ ተከልክሏል፣ እሱም የኔው ነው። ስለዚህ አውሮፕላን ባይቆምም ኖሮ ለቀብሯ አልደርስም ነበር። ይህን እያወቅሁ ለጠየቀኝ ሁሉ «በኮሮና ምክንያት ነው» እል ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ያስታመመቻትም የገነዘቻትም ታናሽ እህቴ ናት። እህቴ የጉደር ሰው አግብታ፣ ከባሏ ጋር ወደ ጴንጤዎቹ ሄዳለች። እናቴ ያኔ አኩርፋ ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገረቻትም። ስትታመም ግን እህቴ የጉደር ቤቷን ቆልፋ ከነባሏ እናቴ ዘንድ ገባች። «ካባረረችኝ እወጣለሁ» ብላኝ ነበር። አላባረረቻትም። ባሏ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ነርስ ነው፤ የእናቴን ቁስል በእጁ ያጥብ ነበር። እሷ በሞተች ሰሞን በየማታው እየደወለ «ኦቦሌቲ ኮ፣ ጀባዹ» ይለኝ ነበር፤ እህቴ ሆይ፣ በርቺ ማለቱ ነው። ሌላ ነገር አይጨምርም።

በወረርሽኙ ምክንያት ተቋርጦ የነበረው ማኅበር ጥቅምት ላይ እንደገና ሲሰበሰብ የእናቴ ወር ጥያቄ ተነሣ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያቸው ማለቴ ነው፣ የእናቴ የልብ ጓደኛ የነበሩ አሮጊት ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። ከተሰበሰቡበት ቤት አስደወሉልኝ።

«ልጄ፣ የእናትሽን ወር ምን እናድርገው?»

«የእኔ ነው እንጂ እማማ።»

«ያንቺ መሆኑን ማን ካደ። ግን ጽዋ በስልክ ይነሣል እንዴ?»

ከወዲያ አንዷ፣ «የዘንድሮ ሰው በስልክ ይጋባ የለ!» አለች፤ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሳይበርድ፣ «እህቴ ትደግስልኛለች» አልኩ። እህቴን አልጠየቅኋትም ነበር።

ሳቁ ቆመ። «እሷማ ሄዳለች እኮ» አለች ሌላዋ ቀስ ብላ።

«ሄዳለች» አሉ እማማ። «እናቷ አልጋ ስትይዝ ደግሞ መጥታለች። እኔ የቆጠርኩላት መምጣቷን ነው። ጥርን ትሞክረው፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

እህቴ ስነግራት፣ «እጠምቃለሁ፤ ግን አልቀምስም። ዳቦውንም እጋግራለሁ፤ ከተባረከ በኋላ ግን አልበላም። በዚህ አትምጪብኝ» አለችኝ። አልመጣብሽም አልኳት። «ካልቀመስኩት ግን ጠላው መድረሱን በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። መልሱ ከጎረቤት መጣ። በግራ በኩል ያለችው ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ የተበተኑባት ሴት ናት። ያ ማኅበር ውስጥ ለመግባት ለዓመታት ስትመኝ፣ ቦታ ሳይገኝላት የኖረች። በየማለዳው ኩባያ ይዛ ብቅ እያለች ቀመሰችላት።

«ዛሬስ?» ትላታለች እህቴ።

«ገና ነች። ጌሾው ብቻውን ይጮኻል።»

«ትናንትም እንዲሁ ብለሽ ሁለት ኩባያ ጠጣሽ።»

«አንዱ ላንቺ ነው። ስለማትጠጪ ተክቼሽ ነው።»

ይህን እህቴ በስልክ እየሳቀች ነገረችኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር።

እኔም በበኩሌ ከሩቅ አዝዝ ጀመር። የእናቴን ድግስ ልቅም አድርጌ አውቀዋለሁ ብዬ ነው። ስለ ጥር ማኅበሯ ጽፌም በአንድ መጽሔት ወጥቶልኛል፤ የጻፍኩትን ሰዎች አንብበው እንዳለቀሱ ነግረውኛል። «ድፎው በኮባ ይጋገር» አልኳት።

«በየትኛው ኮባ?»

«ጓሮ ባለው ነዋ።»

«ጓሮው የት አለና? ሦስት ክፍል ተሠርቶበት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተከራይተውታል። ያሠራችው ራሷ እማዬ ናት።»

«እሺ፣ ቅቤው ግን ከካቺሲ ይምጣ። እማዬ ከሌላ ቦታ አትገዛም።»

«የካቺሲ መንገድ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። እማዬ እኮ በመጨረሻ ከሱቅ ነበር የምትገዛው፤ ዘይትም ትቀላቅል ነበር።»

ጽሑፌን ለእማማና ለሴቶቹ አንብባላቸው እንደነበር የነገረችኝ ያን ቀን ነው። ምን አሉ ብዬ ጠየቅኋት። ትንሽ አመነታች።

«እማማ፣ "ጥሩ አድርጋ ጽፋለች፤ ግን የማን ቤት ነው?" አሉ።»

ሳቅን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መጽሔቱን አውጥቼ አነበብኩት። ኮባው አለ፣ የካቺሲው ቅቤ አለ፤ አልዋሸሁም። እኔ የወጣሁ ዕለት እንደነበረው ነው የጻፍኩት። እናቴ ከዚያ በኋላ ስድስት ጥር ደግሳ ነበር፤ ስድስቱንም አላውቃቸውም።

ጥር አሥራ ስድስት ቀን ፈረቃዬን ለጓደኛ ሰጥቼ ቤቴ ዋልኩ። ውጭው በረዶ ነበር። ነጠላዬን ለብሼ፣ ጧፍ አብርቼ ስልኩ ፊት ተቀመጥኩ። እህቴ የእሷን ስልክ ቡፌው ላይ አቁማልኝ ስለነበር ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ይታየኛል። ሴቶቹ እየገቡ ወደ ስልኩ ጠጋ ይሉና «አለሽ?» «አካም ጂርታ፣ ደኅና ነሽ?» «ከሳሽ እኮ!» ይሉኝ ነበር። አንዷ ስልኩን ሳመችው። ቄሱ ጸሎት አደረሱ፣ ተአምሯ ተነበበ፣ እኔም እዚያው ቆሜ ሰገድኩ። ዳቦው ሲቆረስ የሁሉም ድርሻ ተሰጠ። እማማ አንዱን ቁራሽ በሳህን አድርገው «ይህቺ የማዶዋ ናት» ብለው ስልኩ ሥር አኖሩልኝ።

በደንባችን የቀረ አባል ድርሻ ለቤተሰቡ ይሰጣል። ሁሉም እህቴን አየ። እህቴ ጎንበስ ብላ ጠላ መቅዳቷን ቀጠለች።

«እኔ ልብላላት?» አለች ጎረቤታችን።

«አንቺ ገና ነሽ» አሏት እማማ፣ ሳቅ ሆነ፤ ቁራሹ እዚያው ቀረ። በእህቴ አልተቀየምኩም፤ አስቀድማ ነግራኛለች። ግን ከስልኩ ፊት ያለችው ያቺ ቁራሽ የካሜራውን ግማሽ ጋርዳብኝ ስለነበር፣ የተቀረውን ድግስ ያየሁት በዳቦ ጫፍ በኩል ነው።

ጠላው ተመሰገነ። «ማን ጠመቀው?» እያሉ እህቴን አሳፈሯት። ከዚያ የጽዋው ማሰሮ ተነሣ። የየካቲቷ ተረኛ በነጠላዋ ደግፋ ተቀበለችው፣ እልልታው ቀለጠ፣ ሁሉም ተከትለው ወጡ። ቄሱ ወጡ፣ ጎረቤታችን ወጣች፣ እህቴም እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ተከትላቸው ወጣች። ስልኩን ያስታወሰው የለም።

ባዶውን ክፍል ሳይ ቆየሁ። ወንበሮቹ እንደተበተኑ ናቸው፤ ኩባያዎቹ መሬት ላይ፤ መጋረጃው በነፋስ ይነሣል፣ ይወርዳል። እልልታው ከመንገዱ እየራቀ ሄደ፤ ከዚያ የባጃጅ ድምፅ ብቻ ሆነ። እናቴ በኖረችበት፣ በሞተችበት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ እንዲያም ሆኖ አልነበርኩም። እጄን ዘርግቼ አንድ ኩባያ እንኳ ማንሣት አልችልም። የስልኩ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ አልዘጋሁም።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል አሰብኩበት፣ ጸለይኩበትም። ወሩ በእጁ ለሚይዘው ሰው ይገባል አልኩ። ያቺ ጎረቤታችን ዓመታት ስትጠብቅ እኔ ከዚህ ሆኜ በስም ብቻ መያዜ ኃጢአት መሰለኝ። እህቴም በእኔ ምክንያት ከእምነቷ ጋር እንድትታገል፣ በባሏ ወገኖች ፊት እንድትታማ አደረግኋት አልኩ። ለእማማ ደወልኩ።

«ጥርን ለጎረቤታችን ስጧት።»

«አስበሽበታል ልጄ? የእናትሽ ነው እኮ። የአያትሽ።»

«አስቤበታለሁ።»

እማማ ተነፈሱ። «ይሁን። እመቤቴ ዋጋሽን ትክፈልሽ።» ስልኩን ስዘጋ አለቀስኩ፤ ግን ቀለል ብሎኝም ነበር። ከራሴ ቆርሼ ለሰው የሰጠሁ መስሎኝ፣ በልቤ ትንሽ ደስ እንዳለኝ አልደብቅም።

የካቲት አሥራ ስድስት፣ የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ማታ ለእህቴ ደወልኩላት። ድምፅዋ ደርቋል።

«ማኅበሩ ጋ ሄድሽ?»

«ምን ብዬ? ጎረቤትሽ ሄደችልሽ። ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺን ላሳርፍሽ ብዬ ነው እኮ።»

«ማን ደከመኝ አለሽ?» አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። «ካገባሁ ወዲህ እነዚያ ሴቶች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ከሩቅ ሰላም ብለው ያልፉኛል። እማዬን ስቀብር እንኳ ያጽናኑኝ እንደ ሰው ቤት ልጅ ነበር። ያን ቀን ጽዋውን ስንሸኝ እማማ ክንዴን ይዘውኝ ሄዱ። ለሚያገኙት ሁሉ፣ "ይቺ የእሷ ልጅ ናት፣ ዛሬ የዋልነው ከእሷ ቤት ነው" እያሉ። በዓመት አንድ ቀን ቤቴ ይመጣሉ ብዬ ስድስት ወንበር ገዛሁ። አንቺ የእናትሽን ወር አጣሁ ብለሽ ታለቅሻለሽ። እኔስ? እኔ እዚሁ ነኝ። በየቀኑ በደጃቸው የማልፈው እኔ ነኝ።»

«ለምን ይህን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ?»

በማግሥቱ እማማ ዘንድ ደወልኩ። ተሳስቻለሁ፣ እህቴ ትያዘው፣ እንደበፊቱ በእኔ ስም ይሁን ብዬ ለመንኳቸው።

«ተጽፏል እኮ ልጄ። ትናንት በሁሉም ፊት ነው የጻፍነው። ሴትዮዋ ደብተሩን ስማ፣ አልቅሳ ተቀበለች። አሁን በምን አፌ ልሰርዛት?»

እውነት አላቸው። እኔም ብሆን አልሰርዛትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጥር ሲመጣ ድግሱ ከእኛ አጥር ማዶ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስደውል እህቴ ቤት ብቻዋን ነበረች። ጎረቤታችን ጠርታት ነበር፤ «እንግዳ ሆኜ አልሄድም» ብላ ቀርታለች። ስናወራ እልልታው ተጀመረ። እህቴ ንግግሯን አቋርጣ ስልኩን ወደ ውጭ ይዛ ወጣች።

«ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል።»

ጽዋው በእኛ በር ፊት ለፊት ሲያልፍ ድምፁ ከፍ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ የእማማን ድምፅ ለየሁት፤ ለእህቴ ምን እንዳሏት ግን አልሰማሁም። እህቴም አልነገረችኝም። እልልታው እስኪጠፋ ድረስ ስልኩን ወደ መንገዱ ይዛልኝ ቆየች። ከዚያ በሩን ስትዘጋ ሰማሁ፤ ባሏ ከሥራ ሊመጣ ነው፣ እራት አላቀረብኩም ብላ ተሰናበተችኝ።