ትከሻ ውስጥ የቀረ እርሳስ

አዳማ ውስጥ አዳኝ ነኝ ባይ ሁሉ ጥይት ከመምረጡ በፊት ጋሽ ወዬሳን ይጠይቃል። ስድሳ ሊደፍኑ ነው፤ ሠላሳውን ዓመት የጨረሱት ከአቦምሳ በላይ ባሉት ተራሮች ለአዳኞች ዱካ ሲመሩ ነው። ሌላው መሪ ቀንድ ይሰበስባል። እሳቸው የሚሰበስቡት ከእንስሳው ሥጋ ውስጥ የወጣ የጥይት እርሳስ ነው! አንዱ እንደ እንጉዳይ ተከፍቷል፣ አንዱ ምንም እንዳልነካው ቀጥ ብሏል፣ አንዱ ፍርክስክሱ ወጥቷል። እያንዳንዱን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ከስንት ሜትር እንደተተኮሰና የት እንደገባ ጽፈው፣ በከረሜላ ቆርቆሮ ያኖሩታል።

«ጥይትና አማች ጠባዩ የሚታወቀው ከገባ በኋላ ነው» ይላሉ።

አንዲት ጥቅል ብቻ ጽሑፍ የላትም። ሚስታቸው እትዬ ዘውድነሽ «ይቺስ?» ሲሏቸው «እሷ ያላለቀች ናት» ብለው ክዳኑን ይገጥማሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ የውጭ አገር ሰው አፈሙዙ ጠባብ የሆነ ጠመንጃ ይዞ መጣ። ቀላሏን፣ ፈጣኗን ጥይት የመረጡለት እሳቸው ናቸው። የደጋ አጋዘኑ ሦስት መቶ ሜትር ላይ ቆሞ ነበር። ተተኮሰ፤ አጋዘኑን ቀኝ እግሩ ከዳው፤ ተነሥቶ ጉም ውስጥ ገባ። ጋሽ ወዬሳ ቦታው ላይ ቀድመው ሲደርሱ ጠብታ ደምና ከጥይቷ የተቀደደ የመዳብ ልባስ አገኙ። ጥይቷ ትከሻው አጥንት ላይ ተበትናለች ማለት ነው። የመሪ ሕግ አንድ ነው፤ ያቆሰልከውን ሳትጨርስ ከተራራ አትወርድም። እሳቸው ግን ምርጫቸው አሳፈራቸው። መዳቡን ኪሳቸው ከተቱ፣ ደሙን በጫማቸው አፈር አለበሱና «ሳተው!» ብለው ጮኹ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ተራራው ላይ አንድ ዱካ ያገኛሉ። ሦስት ኮቴ ጥርት ብሎ ያረፈበት፣ አራተኛው መሬቱን እንደ ማረሻ የሰነጠቀበት። ይሁን፣ ቁስለኛ እንስሳ ነው። ዘንድሮ ግን ዱካው አዳማ መጣ! በጠራራ ፀሐይ፣ ነፋሱ ግቢውን ጠርጎ አቧራውን ልስልስ ባደረገበት ሰዓት፣ ከበሩ እስከ ደጃፋቸው ሦስት ኮቴና አንድ ስንጥቅ።

«የማን በግ ነው የገባው?» አሉ እትዬ ዘውድነሽ፣ መጥረጊያ ይዘው።

ጋሽ ወዬሳ ጎንበስ ብለው ስንጥቁን በጣታቸው ለኩ። ጉልበታቸው እየከዳቸው ነው፤ ከዘንድሮ በኋላ ተራራ አይወጡም። አጋዘኑን ሳይጨርሱ ከቀሩ እሱ እንደሚጨርሳቸው ገባቸው።

በታኅሣሥ አብዱልሃኪም መጣ። ሞጆ ላይ የጭነት መኪናዎች ያሉት፣ አንድ አጋዘን የማደን ፈቃድ ያገኘ፣ በቀጭን ጠመንጃው ፍቅር የወደቀ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ሰው እየሳቀብኝ ነው። በዚች ሽቦ አጋዘን? ድርጭት አድን ይሉኛል።»

«ሽቦም ልብ ካገኘ ይገድላል። ጥይቶችህን አምጣ።»

ሦስት ፓኬት ደረደረ። የመጀመሪያውን ከፈቱ፤ ያቺው ቀላሏ ናት።

«ይቺ ስትሮጥ ታምራለች፤ አጥንት ስትነካ ትበተናለች። አንሣልኝ!»

«ይችኛዋስ? ሙሉ መዳብ ናት።»

«እሷ አትበተንም። ግን ሩቅ ሄዳ ስትደክም አፏን አትከፍትም፤ እንደ መርፌ ወግታ ትወጣለች።» ሦስተኛዋን በጣታቸው መዘኗት። ረጅም፣ ከበድ ያለች፣ መዳቡ ከእርሳሱ ጋር ተጣብቆ የተሠራ። «ይቺ አትቸኩልም። ነፋስ ቶሎ አይገፋትም፣ ጉልበቷን ሩቅ ድረስ ትይዛለች፣ ትከፈታለች እንጂ አትፈርስም።»

«የጥይቷ ማስታወቂያ ቪዲዮ ላይ እስከ ስድስት መቶ ሜትር ትገድላለች ይላል።»

«ቪዲዮው አብሮህ ተራራ ይወጣል? ከሁለት መቶ ሃምሳ አታልፍም። ትንሽ ጥይት የያዘ ሰው ትልቅ ትዕግሥት ይይዛል።»

ጽሑፍ የሌላትን ጥቅል የደረት ኪሳቸው ከተው ወደ ተራራው ወጡ። አብሯቸው የመንግሥት የዱር እንስሳት ጠባቂ የሆነው ቶኩማ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ዱካውን አገኙት። ሦስት ኮቴ፣ አንድ ስንጥቅ። ወፉ ሁሉ ዝም አለ። አስታ ቁጥቋጦው መሃል፣ ሁለት መቶ አርባ ሜትር ላይ፣ አጋዘኑ ፊቱን ወደ እነሱ አዙሮ ቆሟል። የሚያየው ጠመንጃውን አይደለም፤ ጋሽ ወዬሳን ነው።

«አይሸሽም እንዴ?» አለ አብዱልሃኪም።

«ዞር በልልን» አሉት ጋሽ ወዬሳ አጋዘኑን፣ ከትንፋሽ ባልበለጠ ድምፅ።

እንስሳው ጎኑን ሰጠ። አብዱልሃኪም አነጣጠረ።

«ከትከሻው ኋላ። አጥንቱን ተወው።»

ተኮሰ። አጋዘኑ ሦስት እርምጃ ሄዶ ተንበረከከ። አብዱልሃኪም ቢላዋውን መዞ ሮጠ፤ «ቢስሚላህ» ብሎ ሲያርደው ነፍሱ ገና አልወጣችም ነበር።

ጋሽ ወዬሳ የገባችውን ጥይት አልፈለጉም። ቀኝ ትከሻውን ከፈቱ። ጅማት የሸፈነው የእርሳስ ስባሪ ተቀምጧል። ከኪሳቸው የተቀደደውን መዳብ አውጥተው ገጠሙት፤ ልክክ አለ።

«ቶኩማ፣ ጻፍ» አሉ ቁጭ ብለው። «ይህን እንስሳ ከዘጠኝ ዓመት በፊት አቁስለነዋል። ጥይቷን የመረጥኩ እኔ፣ ሳተው ብዬ የዋሸሁም እኔ።»

ቶኩማ ለመዝገቡ የአጋዘኑን አፍ ከፍቶ ጥርሱን እያየ ነበር። ቀና አለ።

«ኦቦ ወዬሳ... ይህ እኮ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው።»

«ደግመህ እይ።»

ደግሞ አየ። ራሱን ነቀነቀ። አብዱልሃኪም ከእንስሳው አንድ እርምጃ ሸሸ።

«ታዲያ ጥይቱ ማን ውስጥ ነበር?»

ቶኩማ እስክሪብቶውን መዘዘ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ ቶኩማ።

«ዕድሜውን አንተ ባየኸው ጻፍ። የቆሰለበትን ቀን እኔ ባልኩህ ጻፍ። ዘጠኝ ዓመት የተሸከምነው እኔና እሱ ነን፤ የእኔን አትሰርዝብኝ።»

ቶኩማ ሁለቱንም፣ አንዱን ከአንዱ በታች፣ ጻፈ።

አዳማ የተመለሱት በቀትር ነው። ነፋሱ ግቢውን ጠርጎ ጨርሷል። ከደጃፋቸው እስከ በሩ አዲስ ዱካ አለ። አራት ኮቴ፣ አራቱም ጥርት ያሉ፣ ስንጥቅ የሌለው፤ ወደ ውጭ የሚሄድ።

እትዬ ዘውድነሽ መጥረጊያቸውን አንሥተው ብቅ አሉ።

«ያ በግ ዛሬም...»

«ተይው ዘውዴ» አሉ ጋሽ ወዬሳ፣ መጥረጊያውን ከእጃቸው ተቀብለው። «ዛሬ አትጥረጊው።»