የእርጥቡ ጫማ መጨረሻ

ከኮልፌው ቪዲዮ ቤት የተባረርኩት ማንም ያላነበበውን ጽሑፍ ማንበብ አቃተህ ተብዬ ነው። በሕዝብ ፊት፣ ማይኩ እጄ ላይ እያለ።

ተርጓሚ ልሆን አልገባሁም። የተቀጠርኩት አግዳሚ ወንበር ልደረድርና በር ላይ ቲኬት ልቀድ ነው። በመጀመሪያው ቀኔ ፊልሙን በማይክ በአማርኛ የሚተርከው ተርጓሚ ቀረ። ቤቱ ጢም ብሏል፣ ሰው ያፏጫል። ባለቤቱ ጋሽ ነስሩ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወልዴ፣ ጠዋት ወንበር ስትደረድር አፍህ አላረፈም። ና እዚህ ተቀመጥ።»

«ጋሽ ነስሩ፣ እኔ እኮ እንግሊዝኛ አልችልም።»

«ፊልሙም እንግሊዝኛ አይደለም፣ የቻይና ነው። ተናገር!»

ተናገርኩ። ማን ማንን እንደበደለ ፊታቸው ላይ ይታያል፤ የቀረውን ከአፌ አመጣሁት። ሰዉ አጨበጨበ። የቀድሞው ተርጓሚ ሲመለስ ቲኬት ቀዳጅ ሆነ። አማርኛም ማንበብ እንደማልችል ለጋሽ ነስሩ አልነገርኳቸውም። አልጠየቁኝማ።

ሥራው የራሱ ሥርዓት አለው። ዴኩን፣ የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻውን፣ ጠዋት በአልኮልና በጥጥ ትጠርጋለህ፣ አለዚያ ምስሉ በረዶ ይዘንብበታል። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝቅ ታደርጋለህ፣ ጥይቱ ግን መሰማት አለበት። ማይኩን ወደ ጉንጭህ ዘወር አድርገህ ትይዛለህ፤ ፊት ለፊት ከያዝከው ትንፋሽህ ብቻ ነው የሚሰማው። ተዋናዩ አፉን ሳይዘጋ አንተ አትዘጋም። ይህንን ማንም አላስተማረኝም።

ጎረቤታችን የጸሎት ቤት ነበር። በመሐላችን አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው። በረኛችን «እኛ በዚህ በኩል መንፈስ እናስገባለን፣ እነሱ በዚያ በኩል ያስወጣሉ» እያለ ያስቅ ነበር።

መንፈስ ያለበት የጃፓን ፊልም መጣ። አሮጌ፣ ጥቁርና ነጭ። ስሙን ስለማናውቅ «እርጥቡ ጫማ» አልነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ሚስቱ ማታ ማታ የእንጨት ጫማውን ደጃፉ ላይ ታስቀምጥለታለች። ቤቱ ውስጥ የማይታይ ነገር ያንኳኳል፣ መብራት ይጠፋል፣ ውሃ ይንጠባጠባል። በመጨረሻ ሲነጋ በሩን ትከፍታለች። ማንም የለም። ጫማው ግን በውሃ ርሷል። ትስቅና ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ አናያትም። በሩ እንደተከፈተ ስክሪኑ ይጨልምና መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ምልክት ይወጣል፣ እንደ ፈረሰ አጥር ያለ።

ባልየው መጣ አይል፣ ሞተ አይል። እኔ ግን ተርጓሚ ነኝ፤ ዝም ማለት ሥራ መፍታት መሰለኝ። «መጣ!» እላለሁ። «ባሏ መጣ! ጫማውን እዩት!» ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል።

በራችን ላይ ሻይ የሚሸጡት እትዬ አስካለ ከፊልሙ ሁሉ ያንን መጨረሻ ብቻ ያዩ ነበር። ባላቸው በጭነት መኪና ረዳትነት ወደ ሞያሌ እንደወጣ አራት ዓመት አልፎታል፤ ወሬውም የለም። ሰዓቱ ሲደርስ ማንቆርቆሪያቸውን ለበረኛው ይሰጡና ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ። «መጣ!» ስል ይወጣሉ። አንድም ቀን ምንም ብለውኝ አያውቁም።

አንድ እሑድ ከሰዓት ነጩ ምልክት እንደወጣ መምህር ታደለ ከሦስተኛው ወንበር ተነሣ። እዚያው ሰፈር እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ! ምን መጣ ትላለህ? ሰውዬው ሞቷል። ተጽፏል እኮ!»

«የት?»

«ያውልህ፣ ከፊትህ! አንብበው እስኪ።»

ከኋላ አንዱ «አንብብ!» አለ። ከዚያ ሁሉም እያጨበጨበ «አንብብ! አንብብ!» አለ። ጋሽ ነስሩ ዴኩን አቆሙት። ምልክቱ ስክሪኑ ላይ ይንቀጠቀጣል።

«አንብብላቸውና ይገላግሉን» አሉኝ።

ለእኔ ያኔ ፊደል ሁሉ አንድ ነው። የእንግሊዝ ይሁን የጃፓን በምን አውቄ? አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። እኔ ማይኩን አነሣሁና «ልክ ነው፣ ሞቷል» አልኩ።

እትዬ አስካለ ግድግዳው ጋ ነበሩ። አዩኝ። ከዚያ ወጡ።

ታደለ አልበቃውም። «የቱ ጋ ነው ሞቷል የሚለው? በጣትህ አሳየን።» ጣቴን አነሣሁ፣ የማሳርፍበት አጣሁ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ፊልሙን የምትሠራው አንተ ነበርክ እንዴ?» አሉ ጋሽ ነስሩ። «በቃ። ማይኩን አምጣ።»

በዚያው ሳምንት እትዬ አስካለ ለባላቸው ለቅሶ ተቀመጡ። አስከሬን የለ፣ መርዶ የለ። ድንኳኑን አየሁት፤ መንገድ ቀይሬ አለፍኩ። ሥራዬን ያሳጣኝ ታደለ ነው። ያንን ድንኳን ግን የተከልኩት እኔ ነኝ ብዬ ስንት ዓመት ተሸከምኩት።

ከዚያ አየር ጤና ጋራዥ ገብቼ ጎማ ስፈታ ኖርኩ። አርባ ካለፈኝ በኋላ ፊደል ቆጠርኩ። ለእውቀት አይደለም፤ ለታደለ ነው። ከአማርኛው ቀጥዬ የእንግሊዝኛውን ያዝኩ፣ እየተንተባተብኩ።

አምና ልጄ ሐና ያንን ፊልም ከስልኳ ላይ ፈልጋ አገኘችልኝ። ከሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ትርጉም እያስቆምኩ በጣቴ አነበብኩት። ብዙውን በግምት ልክ ተናግሬው ነበር። መጨረሻው ላይ ግን አንድም የእንግሊዝኛ ፊደል የለም። ያ ነጭ ምልክት ብቻ። ሐና የእኔን ስልክ አነሣችና በካሜራው አስተረጎመችው።

«አባዬ፣ ‹መጨረሻ› ነው የሚለው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም። ፊልሙ አለቀ ነው የሚልህ።»

ታደለም ጃፓንኛ የሚያውቀው ከእኔ እኩል ነበር። ልዩነታችን የእሱ ሱሪ የተተኮሰ መሆኑ ነው። ሄጄ እንዳልነግረው ሞቷል።

እትዬ አስካለ አሉ፤ ከጦር ኃይሎች በታች ከእህታቸው ልጅ ጋር ይኖራሉ። ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፄ ግን ለዩኝ።

«ወልዴ ነህ? መጣ ባዩ!»

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ጽሑፉ ሞቷል አይልም አልኳቸው።

«እና መጣ ይላል?»

«አይልም።»

«ታዲያ ምን ልትነግረኝ መጣህ?»

«በእኔ አፍ ለቅሶ ስለተቀመጡ…»

«ባንተ ፊልም መሰለህ?» ሳቁ። «ደክሞኝ ነው፣ ልጄ። መጠበቅ ይደክማል። ግን አንተ መምህሩን ፈርተህ ነው ያልከው። አየሁህ። መፍራትህ ነው ያናደደኝ። ምናለ አላውቅም ብትል?»

«ልክ ነዎት፣ እትዬ። አላውቅም ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንም አላውቅም።»

«እሺ» አሉ። «አሁን ተቀመጥ።»

ዛሬ በስልክ ፊልም የምትተርኩ ልጆች፣ ድምፃችሁ ከእኔ ይሻላል፤ ማንበብም ትችላላችሁ። ፊልሙ ዝም ያለበት ቦታ ስትደርሱ ማይኩን ዝጉ። ሰው ቢጮህባችሁም አትክፈቱት።

የእኔና የእትዬ አስካለ ነገር ያለቀው «አሁን ተቀመጥ» ባሉኝ ዕለት፣ ባለፈው ኅዳር አሥራ ሦስት ቀን ነው።