የገንዳው ግራ ጥግ

እመ ብዙኃን የምንላት አግብታ ወልዳ አይደለም። በላብራቶሪያችን የእፅዋት ሴል የምታሳድግ ባለሙያ ናት። ከአንዲት ቅጠል የጀመረቻቸውን ሴሎች በየሁለት ሳምንቱ ወደ አዲስ ጠርሙስ እያዛወረች አሥራ አንድ ዓመት አቆይታቸዋለች። ዕረፍት ውጪ ስትባል "ልጆቼን ለማን ጥዬ?" ትላለች። እኔ አጠገቧ ባለው ጠረጴዛ ስለምሠራ ይህን ስንቴ እንደሰማሁት አትጠይቁኝ።

ለሴሎቹ አዲስ ጂን፣ ማለትም ዘረመል፣ የማስገባቱም ሥራ የእሷ ነበር። በማይክሮስኮፕ እያየች፣ በቀጭን የመስታወት መርፌ አንድ በአንድ ትወጋቸዋለች። እስከ ምሳ ሃምሳ ከሞላላት ያ ቀን ደግ ቀን ነው። እንግዳ ሲመጣ ኃላፊያችን በቀጥታ ወደ እሷ ይወስደውና እጇን ያሳየው ነበር፤ እሷም ያላየች መስላ ትኮራለች።

ታናሽ እህቷ መጣችና ነገር ተበላሸ። ያሳደገቻትም፣ እዚሁ ዕቃ አጣቢ አድርጋ ያስቀጠረቻትም እሷው ናት። ልጅቷ እየሠራች ተማረች፤ ከዚያ በአልትራሳውንድ ጂን ማስገባት ሠልጥና ተመለሰች። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ በገንዳ ውሃ ውስጥ ሲያልፍ የሴሉን ሽፋን ለአፍታ ይበሳሳዋል፤ ጂኑ በቀዳዳው ሾልኮ ይገባል፤ ቀዳዳው መልሶ ይደፈናል። በአንዴ ሺህ ሴል! ጂኑ የገባበት ሴል ማቅለሚያ ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል።

እንግዶቹ ወደ ልጅቷ ዞሩ። እመ ብዙኃን ቀናች። "ስሚ፣ ያ ገንዳ እኮ የኔ ዕቃ ማጠቢያ ነው!" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የቆሸሸ ብርጭቆ በድምፅ የምናጥብበት ገንዳ ነበር።

ኃላፊው ለልጅቷ ሦስት ሙከራ ሰጣት። ካልሆነላት ወደ ዕቃ ማጠቡ ትመለሳለች። የመጀመሪያው ቀን ሴሎቹ ጠቁረው ሞቱ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ።

እመ ብዙኃን ምክንያቱን ታውቅ ነበር። በገንዳው ግራ ጥግ ድምፁ ከሌላው ቦታ ይበረታል፤ በእጅ አልለቅ ያለውን እድፍ እዚያ ነበር የምታስለቅቀው። ልጅቷ ቱቦዎቿን ያቆመችው በትክክል እዚያው ነው። እመ ብዙኃን አየች፤ አልተናገረችም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?

በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ ቆማ ልትናገር አፏን ስትከፍት አይቻለሁ። ኃላፊው ደግሞ ክፉ ቀን የላከው ይመስል እንግዳ አስከትሎ መጣና፣ "ነይ፣ የእህትሽን ጉብዝና እይ" አላት። አፏ ተመልሶ ተዘጋ። ሴሎቹ ሞቱ።

ልጅቷ የዕቃ ማጠቢያ ሽርጧን አጥልቃ ስታለቅስ አገኘናት። እመ ብዙኃን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ለመሆኑ ግራውን ጥግ ለምን መረጥሽ?" አለቻት።

"አንቺን አይቼ ነዋ፣ እትዬ። ዕቃ ስናጥብ፣ የሚያስቸግር ነገር ሲገጥምሽ ሁልጊዜ እዚያ ነበር የምታስቀምጪው። አንቺ ያደረግሽው አይሳሳትም ብዬ።"

እመ ብዙኃን ሽርጡን ከእህቷ አንገት ፈታች። "ዐውቄ ነው ዝም ያልኩሽ" አለች። "ቀንቼብሽ ነው።"

ልጅቷ ዕንባዋን ሳትጠርግ ቆማ አየቻት። "የቱ ጋ ነው የሚቀመጠው?" አለች።

ታላቅየዋ ያንኑ ለኃላፊው ተናግራ አራተኛ ሙከራ ለመነችላት። ቱቦዎቹ ወደ ቀኝ ዞሩ። ከሁለት ቀን በኋላ ሴሎቹ ያሉበት ሳህን ሰማያዊ ነጥብ በነጥብ ሆነ፤ እንግዳው ሁሉ ሊያይ ተንጋጋ። እመ ብዙኃን ቀና ብላም አላየቻቸው።

ልጅቷ ዛሬም ከእህቷ ጋር በሰላም ትሠራለች፤ ጠርሙስ አቀብዪኝ፣ በሩን ዝጊው ይባባላሉ። እትዬ ስትላት ግን ዳግመኛ አልሰማሁም። ባለፈው ሰኞ የፈሳሽ መምጠጫ ፒፔት ልትዋሰኝ መጥታ እኔን "እትዬ" አለችኝ። የእመ ብዙኃን እጅ፣ ያ መርፌ ይዞ የማይንቀጠቀጠው፣ የያዘውን ጠርሙስ ለቀቀው።